የካሜራ ሱቅና የእኛ ማሾ፦ ተቀላቅሎ የሚሸጥ ዕቃ ማንን ይጎዳል?

የዛሬው የዋጃ፣ የቆቦና የአላማጣ ዋጋ ከላይ ተለጥፏል፤ ከትናንቱ ብዙ ስላልተለየ ዛሬ ሌላ ነገር ላውራችሁ። ረዘም ይላል፣ ሻይ ይዛችሁ አንብቡት። ዓመተ ምሕረቶቹ የፈረንጅ ናቸው።

ነገሩ የመጣው ከአንድ የዩኒየን ሒሳብ ሠራተኛ ጥያቄ ነው። "ላኪው ስልኩን አውጥቶ ገበሬውን በቀጥታ ካገኘው፣ ምርቱም በኦንላይን መሸጥ ከጀመረ፣ እናንተ ደላሎች ምን ልትበሉ ነው?" አለኝ። ሳቅን። ቤቴ ገብቼ ግን አልሳቅኩም፣ የተነካው እንጀራዬ ነው። ጥያቄው ደግሞ የእኔ ብቻ አይደለም። የላኪውም፣ የዩኒየኑም፣ የሰብሳቢውም ነው። ትልቅ ገበያ ሲመጣ ትንሹ ባለሙያ ነጋዴ ምን ይሆናል?

መልሱን ስፈልግ ትዝ ያለኝ የካሜራ ንግድ ነው። አትሳቁ፣ ካሜራ ሻጮች እኛ አሁን የምንፈራውን ነገር ከሃያ ዓመት በፊት ጀምሮ ሲያዩት ኖረዋል።

በመጀመሪያ እዚሁ የሆነውን ልንገራችሁ። ሰርግ የሚቀርጽ አንድ ወዳጅ አለኝ። ካሜራ በኦንላይን ከአንድ ሻጭ አዘዘ። በፎቶው አዲስ ነው፣ ዋጋውም አዲስ አበባ ሱቅ ከሚጠየቀው በጣም ይቀንሳል። ዕቃው መጣ፣ ከፈተው፣ ሜኑው በሙሉ ጃፓንኛ! ለጃፓን ገበያ ብቻ ተብለው የሚመረቱ አንዳንድ ካሜራዎች ቋንቋቸው አይቀየርም። ሻጩ አልዋሸም፣ ካሜራው አዲስ ነው። ግን ማንም አልነገረውም፣ እሱም ምን ብሎ መጠየቅ እንዳለበት አላወቀም። የሰርግ ሰሞን ስለነበር የቁልፎቹን ቦታ በቃሉ አጥንቶ ሠራበት። የሱቅ ባለሙያ ቢኖር ኖሮ በአንድ ደቂቃ ይነግረው ነበር። ሱቁ ዋጋ የሚጨምረው ለዚያች አንድ ደቂቃ ነው።

አሁን ወደ ውጭው ዓለም ልውሰዳችሁ። ጄሶፕስ የሚባል የእንግሊዝ የካሜራ ሱቅ ነበር፣ በ1935 በሌስተር ከተማ የተመሠረተ። በጥር 2013 ወደቀ፤ 187 ሱቆቹ ተዘጉ። በኋላ ስሙን የገዛ ባለሀብት ጥቂቶቹን መልሶ ከፍቷል፣ እንደ ድሮው ግን አልሆነም። አሜሪካ ውስጥም ሪትዝ የሚባለው ትልቁ የካሜራ ሱቅ ሰንሰለት በ2009 እና በ2012 ሁለት ጊዜ ኪሳራ አውጇል። ሰው ሁሉ "አማዞን ገደላቸው" ይላል። ሙሉ እውነት አይደለም። የጃፓን ካሜራ አምራቾች ማኅበር እንደመዘገበው በ2010 ለገበያ የቀረበው ዲጂታል ካሜራ ከ120 ሚሊዮን በላይ ነበር፤ በ2020 ወደ 9 ሚሊዮን ገደማ ወረደ። ትንሿን ርካሽ ካሜራ የገደላት ስልክ ነው። ሱቆቹ ደግሞ ኪራይ የሚከፍሉት በዚያችው ርካሽ ካሜራ ትርፍ ነበር። እኛ ዘንድም ነጋዴ ሲከስር ሁሉንም በአንድ ጠላት ማሳበብ ይወዳል፤ ሒሳቡ ሲታይ ሌላ ይሆናል።

ስልክ የወሰደውን ስልክ ወሰደ። የቀረውን ውድ ካሜራ በተመለከተ ግን ትግሉ ከአማዞን ጋር ነበር። ደንበኛ ሱቅ ይገባል፤ ካሜራውን ያነሳል፤ ሌንሱን ይሞክራል፤ ባለሙያውን አንድ ሰዓት ያስለፈልፈዋል። ከዚያ "አስቤበት እመለሳለሁ" ብሎ ይወጣና በር ላይ ቆሞ በስልኩ ከኦንላይን ያዛል። ዕውቀቱን ከሱቁ በነጻ ወሰደ፣ ገንዘቡን ለሌላ ሰጠ።

ይህቺን እኔ በደንብ አውቃታለሁ። አንድ የላኪ ወኪል ናሙና ከእኔ ወሰደ። የትኛው ቀበሌ ማሾው ጥሩ እንደሆነ፣ የትኛው ዘንድ ዝናብ እንደመታው፣ ማን ንጹሕ እንደሚያቀርብ አንድ ከሰዓት ሙሉ አስረዳሁት። ምሳም ጋበዝኩት። በሦስተኛው ቀን አይሱዙውን ከገበሬው ደጅ ቆሞ አየሁት። ገበሬው ደግሞ ትልቅ ሰው ናቸው፣ "አባ፣ ምነው ሳይነግሩኝ?" ብላቸው "ልጄ፣ አንተን የላከው መስሎኝ ነው" አሉኝ። አልዋሹም። ምን እላለሁ?

ታዲያ ካሜራ ሻጮቹ ምን አደረጉ? አንዳንዱ ሱቁን ዘጋ። የተረፉት ግን ዋጋ በመቀነስ አይደለም የተረፉት። በዋጋ ከትልቁ ጋር ልወዳደር ያለ ሁሉ አልቋል። ከተረፉት ውስጥ በጣም የሚታወቀው የኒውዮርኩ ቢ ኤንድ ኤች ነው። በ1973 የተከፈተ፣ የአንድ አይሁዳዊ ቤተሰብ ሱቅ ነው። ቅዳሜ ሰንበታቸው ስለሆነ ሱቁ ይዘጋል። ዌብሳይቱ እንኳ ከዓርብ ምሽት እስከ ቅዳሜ ምሽት ትዕዛዝ አይቀበልም! በሳምንት አንድ ቀን ሙሉ ለተወዳዳሪ እየለቀቀ ይኖራል። የሚኖረው ግን ከመደርደሪያው ጀርባ የቆመው ሰው ስለ ዕቃው ከገዢው በላይ ስለሚያውቅ ነው።

ሁለተኛው ያዳናቸው ሕግና ስምምነት ነው። ካሜራ አምራቾች "ከዚህ ዋጋ በታች ማስታወቂያ አታውጡ" የሚል ደንብ ለሻጮቻቸው አወጡ፤ አማዞንም ሆነ ትንሹ ሱቅ አንድ ዋጋ ይለጥፋሉ። ኒኮን አሜሪካ ደግሞ በሌላ መንገድ የገባ ካሜራን አልጠግንም አለ፤ ስለዚህ ከታወቀ ወኪል መግዛት ትርጉም ኖረው። በ2018 ደግሞ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በግዛቱ ውስጥ ሱቅ የሌለው ሻጭም የሽያጭ ታክስ እንዲሰበስብ ክልሎች ማስገደድ ይችላሉ ብሎ ፈረደ። ከዚያ በፊት ሱቅ ያለው ታክስ ሲጨምር፣ ከሩቅ በፖስታ የሚልከው ሳይጨምር ይሸጥ ነበር። የእኛ ፈቃድ ያለውና የሌለው ነጋዴ ጉዳይ በሉት። ደረሰኝ የሚቆርጠው ሁልጊዜ ውድ ይመስላል።

ሦስተኛው ለእኛ ዋናው ነው። እሱም አሮጌ ካሜራ ነው።

አሮጌ ካሜራ ከውጭ ሲያዩት አያስታውቅም። ውስጡ ስንት ጊዜ ፎቶ እንዳነሳ የሚቆጥር ቁጥር አለ፤ ሌንሱ ውስጥ ሻጋታ ሊኖር ይችላል፤ ወድቆ ተጠግኖ ሊሆን ይችላል። ሻጩ ያውቃል፣ ገዢው አያውቅም። ጆርጅ አከርሎፍ የሚባል ኢኮኖሚስት በ1970 ስለ አሮጌ መኪና ገበያ የጻፈው ይህንኑ ነው፣ በ2001 ኖቤል ከተጋሩት አንዱ ሆኗል። ሐሳቡ ቀላል ነው። ገዢው ጥሩውን ከመጥፎው መለየት ካልቻለ ለሁሉም የመካከለኛ ዋጋ ይሰጣል። በመካከለኛ ዋጋ ጥሩ መኪና ያለው ሰው አይሸጥም፣ ይወጣል። የሚቀረው መጥፎው ነው። ገዢው ይህን ሲያውቅ ዋጋውን ደግሞ ይቀንሳል። ዲፕሎማ ስማር ይህን በፈተና ጻፍኩት፤ የገባኝ ግን ማሾ ላይ ነው።

እዚህ ክፍተት ውስጥ የገቡ ባለሙያዎች አሉ። የአትላንታው ኬኢኤች ከ1979 ጀምሮ፣ የእንግሊዙ ኤምፒቢ ከ2011 ጀምሮ አሮጌ ካሜራ ገዝተው፣ መርምረው፣ ደረጃ ሰጥተው፣ ዋስትና ጨምረው ይሸጣሉ። ገዢው የሚከፍላቸው ለካሜራው ብቻ አይደለም፣ "ይህ ደረጃ ነው ካልን ነው" ለሚለው ቃል ነው። ሥራቸው የእኛ የናሙና ሥራ ነው በቃ።

አሁን ትልቁ ገበያ የሚደክምበትን ቦታ ተመልከቱ። አማዞን ላይ ከሚሸጠው ዕቃ ከግማሽ በላዩ የራሱ የአማዞን አይደለም፣ የሌሎች ሻጮች ነው። ለብዙ ዓመት የነበረው አሠራር እንዲህ ነው፦ ሦስት ሻጮች አንድ ዓይነት ሚሞሪ ካርድ ወደ አማዞን መጋዘን ቢልኩ፣ የፋብሪካ ባርኮዱ አንድ እስከሆነ ድረስ ዕቃው እንደ አንድ ሊቆጠር ይችላል። እናንተ ከታማኙ ሻጭ አዝዛችሁ፣ አጭበርባሪው ያስገባውን ልትቀበሉ ትችላላችሁ። ወቀሳው ግን ለታማኙ ይደርሰዋል። ፎቶ አንሺዎች በዚህ ሲያማርሩ ኖረው ኩባንያው ይህን መቀላቀል እንደሚያቆም በ2025 አስታውቋል።

መጋዘን፣ መቀላቀል፣ ደረጃ። ይህ ታሪክ ለቡና ሰዎች አዲስ ነው?

የኢትዮጵያ ምርት ገበያ በሚያዝያ 2008 ግብይት ጀመረ። በዚያው ዓመት በወጣው አዋጅ ቁጥር 602 ቡና ከዩኒየኖችና ከራሳቸው እርሻ ከሚልኩ አምራቾች በስተቀር በምርት ገበያ በኩል እንዲያልፍ ሆነ። ፍትሐዊ እንሁን፣ ምርት ገበያ የሠራው ትልቅ ሥራ አለ። ከዚያ በፊት ሸጦ ገንዘቡን ለማግኘት ወራት የሚለምን አቅራቢ ስንት ነበር? ምርት ገበያ ላይ ሻጩ ገንዘቡን በማግስቱ ያገኛል። ዋጋውም 929 ላይ ለደወለ ሁሉ ይነገራል። እውነቱን ልንገራችሁ፣ የብዙ ደላላን እንጀራ የቆረጠው ይህ ነው። ድሮ እኛ የምንበላው የአዲስ አበባን ዋጋ ገበሬው ስለማያውቅ ነበር። በዚህ አላዝንም፣ መቆረጥ ነበረበት።

ችግሩ ሌላ ነበር። ቡናው ናሙናው ተቀምሶ፣ በአካባቢና በደረጃ ተመድቦ መጋዘን ሲገባ ስሙን ያጣል። ላኪው የሚገዛው "የታጠበ ይርጋጨፌ፣ ይህ ደረጃ" ነው። ከየትኛው ማጠቢያ ጣቢያ እንደመጣ አያውቅም። ለተራ ቡና ይህ አይጎዳም፣ እንዲያውም ያቀላጥፋል። ልዩ ቡና የሚፈልገው የውጭ ገዢ ግን "ባለፈው ዓመት የቀመስኩትን ያንኑ ጣቢያ ስጠኝ" ሲል መልስ የለም። ጥሩ አድርቆ፣ ቀይ ቀዩን ለቅሞ ያመጣው ጣቢያም ከጎረቤቱ ጋር በአንድ ደረጃ ስም ይሸጣል። የአከርሎፍ አሮጌ መኪና በፈረሱላ ተለክቶ መጣ ማለት ነው።

ዘጠኝ ዓመት ገደማ ከቆየ በኋላ በአዋጅ ቁጥር 1051/2017 ነገሩ ላላ። አምራቹ፣ አቅራቢውና ላኪው እርስ በርስ እየተሳሰሩ፣ እናንተ "ቨርቲካል" የምትሉት፣ ቡናውን ከምንጩ ስም ጋር መላክ ቻሉ። በ2020 ካፕ ኦፍ ኤክሰለንስ የሚባለው ውድድር ለመጀመሪያ ጊዜ እዚህ ተካሄደ። አንደኛ የወጣው የሲዳማ ቡና በጨረታ በፓውንድ 185.10 ዶላር ተሸጠ፤ በኪሎ ከ400 ዶላር በላይ ማለት ነው። ጥቂት ጆንያ ነው፣ የአገሩን ቡና ሁሉ በዚህ አትገምቱ። ግን ያ ቡና ተቀላቅሎ ቢሆን ኖሮ ማንም አያገኘውም ነበር።

እንዲህም ሆኖ ትልቁ ገበያ ሁልጊዜ የስም ጠላት አይደለም። በ2020 የሩዋንዳ አምባሳደር በቻይና የቀጥታ ሽያጭ ላይ ቀርበው 1.5 ቶን ቡና በአንድ ሰከንድ አለቀ። የተሸጠው ስም ያለው፣ ታሽጎ የተዘጋጀ ቡና ነበር። የእኛም መንግሥት በኅዳር 2019 ከአሊባባ ጋር የኤሌክትሮኒክ ንግድ ስምምነት ተፈራርሟል። ስለዚህ ጥያቄው "ትልቅ ገበያ ወይስ ትንሽ" አይደለም። ወደ ትልቁ ገበያ ስትገቡ ስማችሁን ይዛችሁ ነው ወይስ በር ላይ ጥላችሁ ነው?

ወደ ዋጃ ልመለስ።

እዚህ ቆላው ላይ ሁሉም ምርት ስም አያስፈልገውም። ለጠላ፣ ለአረቄ፣ ለመኖ የሚሄደውን ማሽላ ቀላቅላችሁ ሽጡ፣ ገዢው የሚፈልገው ብዛትና ደረቅነት ነው። ለእንጀራ የሚሄደው ግን ይለያል። ጅጉርቲውን ከደጋሊቱ፣ ደጋሊቱን ከጎብዬው ደባልቆ የመጣ ሰው ሚዛን ላይ ያተርፍ ይሆናል፤ እንጀራ ጋጋሪዋን ግን አያታልላትም። እፍኝ ወስዳ በመዳፏ ታየዋለች፣ አንዷን ፍሬ በጥርሷ ትሰብራለች፣ ከዚያ ዋጋውን እሷ ትቆርጣለች። ጤፍ ላይ ይህን ሁላችንም እናውቃለን። ነጩ ነጭ ነው፣ ሰርገኛው ሰርገኛ ነው፣ ቀላቅሎ ነጭ የሚል ሰው ሁለተኛ አይሸጥም።

ማሾ ላይ ግን ገና አልነቃንም። ማሾ በአንድ ጊዜ አይደርስም፤ ታችኛው ሲደርቅ ላይኛው ያብባል። የመጀመሪያው ለቀማ ፍሬው ሞላ ያለ፣ አረንጓዴው ያበራል። የመጨረሻው ለቀማ የጨማደደና ዝናብ የነካው ይበዛበታል። እኛ ሁለቱን በአንድ ጆንያ እንከታለን። ውጭ ያለው ገዢ ደግሞ ሁለት ዓይነት ነው፤ አንዱ ቀቅሎ ወይም ከክቶ የሚበላ፣ ሌላው አብቅሎ ቡቃያውን የሚሸጥ። ለቡቃያ የሚገዛው የተሻለ ይከፍላል፣ ግን የማይበቅል ፍሬ ከበዛበት አይነካውም።

ሒሳቡን እንየው። ቁጥሩ ለምሳሌ ብቻ ነው፣ ነገ "ዋጋ ለጠፍክ" እንዳትሉኝ። ሁለት ገበሬዎች አሉ፣ እያንዳንዳቸው 50 ኩንታል። የአንዱ ንጹሕ ነው፣ ኩንታሉ 10,000 ብር ያወጣል። የሌላው 8,000። ለየብቻ ቢሸጥ ድምሩ 900,000 ብር ነው። ቢቀላቀል ገዢው መካከለኛውን 9,000 አይሰጥም፤ አበጥሮ የሚጥለውንና ስጋቱን ቀንሶ 8,500 ይላል። ድምሩ 850,000 ሆነ። 50,000 ብር አየር ላይ ጠፋ። ባለ ንጹሑ 75,000 አጣ፣ ባለ ቆሻሻው 25,000 አተረፈ። በሚቀጥለው ዓመት ባለ ንጹሑ ለለቀማ ሠራተኛ የሚከፍል ይመስላችኋል? አይከፍልም፣ እኔም ብሆን አልከፍልም። ከሁለት ዓመት በኋላ ላኪው "የዋጃ ማሾ ድሮ ቀረ" ብሎ መኪናውን ወደ ሌላ አካባቢ ይልካል።

"ለብቻ ማቆየት ወጪ አለው" የምትሉኝ ልክ ናችሁ። ጆንያ ለብቻ፣ ቦታ ለብቻ፤ ከሁሉም በላይ ደግሞ አይሱዙ የማይሞላ ጥቂት ኩንታል ለብቻ ከተጫነ ትርፉን ኪራዩ ይበላዋል። ለዚህ ነው ዩኒየን ያስፈለገው። አንድ ገበሬ 8 ኩንታል የመጀመሪያ ለቀማ ቢኖረው መኪና አይሞላም፤ አሥር ገበሬ ካለ ግን ይሞላል። ዩኒየኖቻችን አሁንም ይቀላቅላሉ፣ ግን የሚቀላቅሉት በመጣበት ቀን ነው። በጥራት ቀላቅሉት። መጋዘኑ ያው መጋዘን ነው፣ የሚጨመረው በር ላይ ቆሞ ጆንያ እየወጋ ናሙና የሚያይ ሰውና የጆንያው ላይ ምልክት ብቻ ነው። ኦሮሚያ የቡና ገበሬዎች ዩኒየን በ1999 ተመሥርቶ በቀጥታ ወደ ውጭ ሲልክ የኖረው ከየማኅበሩ የመጣውን ለይቶ ስለያዘ ነው።

መሣሪያ የለንም አትበሉ። 100 ፍሬ ማሾ ቆጥራችሁ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልሉ፣ ጨርቁ እንዳይደርቅ እያያችሁ ሦስት ቀን አቆዩትና የበቀለውን ቁጠሩ። ከተለያየ ጆንያ አውጡ፣ ከላይ ያማረውን ብቻ አትምረጡ፣ ራሳችሁን ነው የምታታልሉት። ያንን ቁጥር ከናሙናው ጋር ጽፋችሁ ለላኪ ብትልኩ፣ የአሮጌ ካሜራ ሻጩ የሚሸጠውን ነገር መሸጥ ጀመራችሁ ማለት ነው።

ለላኪዎች ደግሞ አንድ ነገር። በ2024 የወጣው መመሪያ ቁጥር 1001 የውጭ ባለሀብት ሁኔታዎችን አሟልቶ በወጪ ንግድ እንዲገባ ፈቅዷል። እነሱ ሲመጡ በካፒታልም በመርከብ ኪራይም አትችሏቸውም። የአውሮፓ ኅብረት ደግሞ ቡና የበቀለበትን ማሳ ቦታ በካርታ አሳዩኝ የሚል ሕግ በ2023 አጽድቋል። ሥራ ላይ የሚውልበት ቀን ከአንዴም ሁለቴ ተገፍቷል፣ ግን አልተሰረዘም። ማሳውን የሚያውቀው ማነው? አዲስ አበባ ፎቅ ላይ ያለው አይደለም። ናሙናውን ከእኔ ወስዶ በሦስተኛው ቀን የዞረብኝ ሰው የዚያን ዓመት አተረፈ፤ በቀጣዩ ዓመት ግን ከየትኛው ገበሬ ንጹሕ እንደሚገኝ መልሶ የጠየቀው እኔኑ ነው። ነገርኩት። በዚህ ጊዜ ግን ኮሚሽኑን ናሙናው ከእጄ ሳይወጣ በጽሑፍ ተስማምተን ነው።

የሒሳብ ሠራተኛውም መልሱን ይችን ይያዝልኝ። ዋጋ ደብቆ የሚኖር ደላላ አልቆለታል፣ እኔም ከእነሱ አንዱ ነበርኩ። እህሉን አይቶ፣ ለይቶ፣ "ይህ ነው" ብሎ ቃሉን የሚያስይዝ፣ ቃሉ ሲሳሳት ደግሞ ከኪሱ የሚከፍል ሰው ግን ገና ብዙ ሥራ አለው። ባለፈው አንድ ጊዜ ከኪሴ ከፍያለሁ፣ ነቀዝ አምልጦኝ። ያማል! ላኪው ግን እስከዛሬ ይደውላል።

የመጀመሪያ ለቀማ ማሾ ለብቻ የያዛችሁ የዋጃና የቆቦ ሰዎች እስከ ረቡዕ ናሙና አምጡልኝ፤ ግማሽ ኪሎ ይበቃል፣ ከአምስት ጆንያ ያላነሰ ተወግቶ የወጣ ይሁን፣ የለቀማው ቀን ይጻፍበት። የማሽላና የጤፍ ዋጋ እንደተለመደው ነገ ጠዋት ይለጠፋል።